በሩ ጋ የሚቆረጠው ስልክ

ጋሽ ሽቦ የሚኖሩት ጓሮ ባለችው ክፍል ነው፤ ልጃቸው ከነባሏ በትልቁ ቤት። በሁለቱ መካከል ሃያ ሁለት እርምጃ አለ። ልጅቷ ይህችን ሃያ ሁለት እርምጃ ረግጣ አታውቅም ማለት ይቻላል። ጠዋት ጠዋት የመኪናዋን ቁልፍ እያቃጨለች ስትወጣ በስልክ ነው ደህና አደርክ የምትላቸው። «አባዬ፣ እንዴት አደርክ? መድኃኒትህን ዋጥክ?» ትላለች። መኪናዋ የግቢውን በር ሲያልፍ ስልኩ ጭጭ ይላል።

ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው የሚቆረጠው። ልጅቷም ስልኩን ራሷ መዝጋት ከተወች ቆይታለች።

ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለጋሽ ሽቦ ግን ነውር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የስልክ እንጨት እየወጡ መስመር የዘረጉ ሰው ናቸው፤ ቅጽል ስሙንም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። በገዛ ልጃቸው ስልክ ላይ ወሬ መሃሉ ላይ ሲበጠስ መስማት አንጀታቸውን ያሳርረዋል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት በመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ የአረጋውያን መጦሪያ ማስታወቂያ ወረቀት አይተዋል፤ ፎቶው ላይ ሽማግሌዎች ተደርድረው በግድ ይስቃሉ። ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሲበዛ ትጉ ሆኑ። ቧንቧ ያጠብቃሉ፣ የበር ማጠፊያ ዘይት ይቀባሉ፣ ያልተሰበረ ወንበር ይጠግናሉ። አታውጡኝ፣ እጠቅማለሁ ማለታቸው ነው እንግዲህ። ልብ ያላቸው የለም። የልጅቷ ባል እንዲያውም «እርስዎ መዶሻ በያዙ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ያማርራል» ብሎ ሳቀባቸው።

ስልክ ግን ሙያቸው ነው። ዋይፋይ የሚባለው በእሳቸው ዘመን አልነበረም፤ ቢሆንም መስመር መስመር ነው ብለው ጀመሩት። አራት ቀን ሙሉ ስልካቸውን ፊታቸው ላይ ይዘው ግቢውን ሲዞሩ ያየ ሰው አበዱ ሊል ይችል ነበር። ነገሩ ቀስ በቀስ ገባቸው። የልጅቷ ስልክ ቤት ውስጥ የሚያወራው በቤቱ ዋይፋይ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ የደከመውን ዋይፋይ ሙጭጭ ብሎ ይይዝና፣ የሞባይሉ ኔትወርክ ሳይቀበለው ጥሪው ይወድቃል። ሕፃን እንደማቀበል ነው፤ አንዱ አጥብቆ ሳይይዝ ሌላው መልቀቅ የለበትም።

ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ራውተር ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥተው በሩን ወደሚያየው መስኮት አዛወሩት። ሐሙስ ማታ ልጅቷ ገላዋን ስትታጠብ ስልኳን አነሱ። መክፈቻ ቁጥሩ የልደቷ ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ እሳቸው አይረሱትም። ጥሪው ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ሳይቋረጥ እንዲሻገር የሚያደርገውን ማስተካከያ ፈልገው አበሩት። ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ሊያስደንቋት ነው።

ዓርብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ባሏም አብሯት መኪናው ውስጥ ነበር።

«አባዬ፣ እንዴት አደርክ? መድኃኒትህን ዋጥክ?»

«ዋጥኩ የኔ ልጅ።»

«በል እሺ፣ ቸኩያለሁ። እወድሃለሁ።»

የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ጋሽ ሽቦ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። መኪናው ወጣ፤ ስልኩ አልተቆረጠም። የጎማው ድምፅ፣ የመንገዱ ጥሩምባ፣ ሁሉም ይሰማል። እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ነገር ግን የመስመር ሠራተኛ ልማድ አለው፤ ሲፈትሽ ቀድሞ አይናገርም፣ ቀድሞም አይዘጋም፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው እስኪናገር ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ጋሽ ሽቦም አዳመጡ።

«ሰኞ መጦሪያው ይቀበለዋል» አለች ልጅቷ። «ክፍሉ ተለቋል ብለው ደውለውልኛል።»

«ነገርሽው?» አለ ባሏ።

«ምን ብዬ? ዓይኑን እንደዚያ ሲያርገበግብ ሳየው እኮ ያቅለሸልሸኛል። ለምርመራ ነው እንለውና መኪና ውስጥ እናስገባዋለን። ከዚያ በኋላ እነሱ ያውቃሉ።»

«ቢያለቅስስ?»

«ያልቅስ። ከሁለቱ መሞት የነበረበት እኮ እሱ ነበር። እናቴ ሞታ እሱ ይቀራል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

ባልየው ሳቀ። የጓሮዋን ክፍል ቀለም ቀብተው ስፖርት መሥሪያ እንደሚያደርጓት ተነጋገሩ፤ ፍራሹ ይጣል ወይስ ለዘበኛው ይሰጥ በሚለው ላይ ትንሽ ተከራከሩ።

ጋሽ ሽቦ እዚያው ፍራሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰሙት። መዝጋት ይችሉ ነበር። የሙያ ልማድ ነው የያዘኝ ቢሉ ማን ያምናቸዋል? እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ደግ ቃል ብታስከትል ብለው ነው የጠበቁት። አላስከተለችም።

«ስልክሽ በርቷል እንዴ?» አለ ባሏ።



«አባዬ? አለህ?»

«አለሁ።»

«በሩ ጋ አልተቆረጠም?»

«አስተካከልኩት። ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል።»

ትደነግጣለች፣ ይቅር በለኝ ትላለች፣ መኪናውን ታዞራለች ብለው ጠበቁ። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። የእፎይታ ትንፋሽ ነበር።

«እንግዲያው ከመናገር ገላገልከኝ» አለች። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ነው፤ ልብስህን አንተው አዘጋጅ። ደግሞ አባዬ፣ የባሌም ስልክ በሩ ጋ እየተቆረጠ አስቸግሮታል። ሳትሄድ አስተካክልለት።»

«እሺ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ሽቦ።

እሁድ ከምሳ በኋላ አስተካከሉለት። ሦስት ጊዜ እስከ በሩ ማዶ ተመላልሰው ሞከሩት፤ አንዴም አልተቆረጠም።