የታፈሰ የሥራ ቱታ

«ሐሴት፣ ልጄ፣ እሱን ልቀቂው» አለች ንጋቷ፣ ከሐዘን ፍራሿ ላይ እየተነሳች።

ባሏ ታፈሰ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ነፍሰ ጡሯ ምራቷ ሐሴት የሟቹን ልብስ አጥባ ለችግረኛ ለመስጠት ስትሰበስብ፣ ከጓሮው ዕቃ ቤት አረንጓዴውን ቱታ በክንዷ ታቅፋ ብቅ ማለቷ ነበር። ለቀስተኛው መንሾካሾክ ጀመረ።

«እቴ፣ ለቱታም ሰሰትሽ?» አለች ጎረቤቷ ማናልሞሽ።

«እሱንስ አርባ ዓመት ሙሉ እኔም አጥቤው አላውቅ።»

«የባሏን ልብስ ሳታጥብ ያረጀች! እኛ ምን በድለን ነው?»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ንጋቷም ፈገግ አለች።

እውነቷን ነው። ታፈሰ ከቴፒ ወጣ ባለ የቡና እርሻ የአረም ኬሚካል ረጪ ነበር። አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ከሥራ ሲመለስ ልትስመው ብትሮጥ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። ቱታውን በጓሮ አውልቆ፣ ጓንት አጥልቆ ለብቻው አጠበው፤ ገላውንም ታጥቦ ነው የገባው። «ተጸየፈኝ» ብላ ስታለቅስ ሰነበተች። በስንት ልመና ነገራት። የባልደረባው ሚስት ኬሚካል የነካውን ልብስ ከልጇ ልብስ ጋር በባዶ እጇ አጥባ፣ እናትና ልጅ ሲያስመልሳቸው አድረው ሐኪም ቤት ገብተው ነበር።

«እንጀራ ይዤልሽ ልግባ እንጂ መርዝ ይዤልሽ አልገባም» አላት።

ባልደረቦቹ «ፈሪው ታፈሰ» ይሉት ነበር። ፈሪው ሰባ ስምንት ዓመት ኖሮ፣ የልጅ ልጅ አቅፎ፣ በእንቅልፉ አለፈ።

«ባለፈው ወር እሱን ለብሶ የጓሮ ቡናውን አረም ኬሚካል ረጭቷል» አለቻት ለሐሴት። «ከዚያ ጉልበቱ ከዳው፤ ሲሻለኝ አጥበዋለሁ እንዳለ ቀረ። ሂጂ፣ በሚፈስ ውሃና በሳሙና እስከ ክንድሽ ታጠቢ። ቀሚስሽንም ቀይሪ። ራስሽን ካመመሽ ወይ ካቅለሸለሸሽ እንዳትደብቂኝ፤ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ሐሴት ደንግጣ ቱታውን መሬት ላይ አኖረችና ወደ ቧንቧው ሄደች። ንጋቷ አዲስ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ ቱታውን በፌስታል ቋጠረችው፤ ከእርሻው የኬሚካል ክፍል ሰው መጥቶ እስኪወስደው ዕቃ ቤቱን ቆለፈችበት። እጇን ታጥባ ተመለሰች።

«ከሥራ ሲመለስ እጅ ስላልጨበጠኝ ኩሩ ነው እያልኩ ስንት ዘመን አማሁት» አለች ማናልሞሽ።

«ያውቅ ነበር። ይስቅብሽ ነበር።»

«ይቅር ይበለኝ። በይ የቀረውን እኔ ልጠበው፤ ያንን ጋቢም አምጪው።»

ታፈሰ ለብሶት ይተኛ የነበረውን ጋቢ ንጋቷ አንስታ ዘረጋችላት። ማናልሞሽ ጫፉን ያዘች፤ ንጋቷ ግን አልለቀቀችም። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። እሱን እሱን ይላል።

«ይሄ አይታጠብ» አለችና ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው ተቀመጠች።