የቀኝ ክንፍ ነዳጅ

ዳርዶ ኤቼጋራይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። በታንዲል ከተማ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ግማሾቹ የሚስቁት በእሱ ጥርስ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ያልሆነውን የሆነ ማስመሰል እንጀራው ነው፤ የሚወደው ጨዋታም ያው ነው። መኪናውን ዝናብ ላይ አውጥቶ፣ ጋራዡ ውስጥ የዳገር ተዋጊ ጄት አብራሪ የሚቀመጥበትን ክፍል ከእንጨትና ከቁርጥራጭ ብረት ሠርቷል። ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። ስልሳ ሦስት ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ አንዱም ለጌጥ አልተሰካም። ሞተሩን ለማስነሳት ብቻ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። «እነዚያን አሥራ አንድ ደቂቃዎች ከእኔ ይበልጥ ይወዳቸዋል» ትላለች ሚስቱ፣ ለሰማ ሁሉ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሲያሸልብ፣ አምስት ሰዎች እዚያ ጋራዥ ተሰብስበው በኮምፒውተር ከእንግሊዝ መርከቦች ጋር ይዋጋሉ። ሕጉን ያወጣው ዳርዶ ነው። ጠላት አውሮፕላን ላይ ስሙንና ርቀቱን የሚጽፈው ምልክት ይጠፋል። የራስን አውሮፕላን ከውጭ ማየት ክልክል ነው። የሞተ ሰው ማዳመጫውን አውልቆ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የመጨረሻው አውሮፕላን እስኪያርፍ ትንፍሽ አይልም፤ ሙታን አያወሩማ! የሚበሩትን ተልዕኮ የሚያሰናዳውም፣ ማን በየትኛው አውሮፕላን እንደሚወጣ የሚወስነውም ዳርዶ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ቁጥር አንድ፣ ማለትም መሪው፣ ሁልጊዜ እሱ ነበር።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ አየር ኃይል ሊገባ ሄዶ ዓይንህ ደካማ ነው ተብሎ ተመልሷል። ይህን ለማንም አያወራም። ግን ያንን የእንጨት ሥራ ከጨረሰ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እውነተኛውን ያበረረ ሰው መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ «ልክ እንደዚህ ነበር» እንዲለው። ለዚያች ቃል ሲል ነው በየካቲት ወር ዶን ኤልቪዮ ካስታኞን ከቤታቸው ለምኖ ያመጣቸው።

ዶን ኤልቪዮ ጡረተኛ ካፒቴን ናቸው። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የማልቪናስ ደሴቶች ጦርነት ጊዜ ወደ መርከቦቹ ሦስት ጊዜ በረው ሦስቴም ተመልሰዋል። ሰው ሲጠይቃቸው ስለ አየሩ ጠባይ ያወራሉ እንጂ ስለ ጦርነቱ አያነሱም። ጋራዡ ገብተው ዳርዶ በሠራው ወንበር ተቀመጡ፣ ሁለት ሦስት ማብሪያ ነካ ነካ አደረጉ፣ ዙሪያውን ቃኙ።

«እንዴት ነው ካፒቴን?» አለ ዳርዶ።

«ጥሩ የእንጨት ሥራ ነው» አሉ እንጨቶቹን እየደባበሱ። ከዚያ ተነሡና የማቴ ሻያቸውን ይዘው ወደ ጥግ ሄዱ።

ጥጉ ላይ የነበረችው ማጋሊ ብሩስኮ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አይብና ሳላሚ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። የተቀላቀለችው ከሁለት ወር በፊት ነው። ጆይስቲኳ ርካሽ ፕላስቲክ ነው፣ ያውም ወደ ግራ ያዘመመ። ሞተር የምታስነሳው በአንዲት ቁልፍ ነው፤ ዳርዶ ይህን ባየ ቁጥር ያመዋል። ግን ሚሳይል ሲተኮስባት አንገቷን ሰብራ ጎንበስ ትላለች። ውሃውን ታክካ ስትበር ትንፋሿን ትይዛለች፤ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይረግጣል። ክፉ ስድብም ትሳደባለች።

ካፒቴኑ ከኋላዋ ቆመው አይተው አይተው ሳቁ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሳቁት። «ይቺ ልጅ ፈርታለች!» አሉ። «እኛም እንዲህ ነበርን። እኔ ራሴ እናቴን እጣራ ነበር።»

«ግን ካፒቴን፣ ሞተር እንኳ በደንብ ማስነሳት አታውቅም እኮ» አለ ዳርዶ።

«ሞተር ማስነሳትማ መካኒኩም ይችል ነበር፣ ልጄ።»

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ዶን ኤልቪዮ ሳይጠሩ ይመጡ ጀመር። ወንበራቸውን ስበው ከማጋሊ ኋላ ይቀመጣሉ። ጣፋጭ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ያመጣሉ፤ መጀመሪያ የምትመርጠው እሷ ናት። ዳርዶ በስልሳ ሦስት ማብሪያው መሐል ተቀምጦ የሽማግሌውን ጀርባ ያያል። ሌሊት ይገላበጣል። አንድ ጊዜማ እሱም ሚሳይል ሲመጣበት ሆነ ብሎ አንገቱን ሰበረ፤ ማንም አላየውም፣ ራሱን ግን ከእንጨቱ ጋር አጋጨ።

ከአምስቱ አንዱ፣ መለዋወጫ የሚሸጠው ቱርኮ፣ ነገር የማያልፈው ሰው፣ ፊቱን አይቶ ገብቶታል። «ዳርዶ፣ እንዲህ ጥርስህን ስትነክስ ትሰብረዋለህ» አለው። «ደግነቱ ሌላ ራስህ ትሠራለህ።»

«በማጋሊ የተናደድኩ መሰለህ?» አለ ዳርዶ። «እኔ ስለ እውነተኛነት ነው የምለው። ጨዋታ ከሆነ ጨዋታ ነው ይባል።»

«አዎ፣ አዎ። ስለ እውነተኛነት» አለ ቱርኮ፣ «ማጋ፣ ሰማሽ? አንቺስ ደስ ይበልሽ፣ ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ብሎ ይጸልያል!»

በየዓመቱ በጦርነቱ መታሰቢያ ሰሞን ትልቁን በረራ ይበራሉ። ከደቡብ ተነሥተው፣ ባሕሩን አቋርጠው፣ መርከቦቹን መትተው ይመለሳሉ። ነዳጁ ለደርሶ መልስ ልክ ነው፤ አንዲት ጠብታ አትተርፍም። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ካፒቴኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔ ሽማግሌው አንድ ነገር ልለምን» አሉ። «ዘንድሮ ማጋ ትምራ።»

ማጋሊ ቀላች። «ኧረ ካፒቴን፣ እኔ ምኑን አውቄ…»

ሁሉም ወደ ዳርዶ ዞረ። «ምን ችግር አለው» አለ ዳርዶ። ድምፁ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰለው።

ቤቱ ገብቶ ተልዕኮውን ማሰናዳት ጀመረ። በየአውሮፕላኑ ስም ሥር የብልሽት ዝርዝር አለ። እውነተኛ አውሮፕላን ይበላሻልና ዳርዶ ለሁሉም ከመቶ ሁለት፣ ከመቶ ሦስት ዕድል ይሞላ ነበር፤ ማን ላይ እንደሚወርድ ዕጣው ያውቃል። ያን ዕለት በቁጥር አንድ ሥር፣ «የቀኝ ክንፍ ነዳጅ አይወርድም» በሚለው ትይዩ፣ መቶ ብሎ ጻፈ። በሥራው ቅንጣት የማይስት ሰው ነው፤ የነዳጅ መለኪያዋ መርፌ መጉደሉን የምታሳየው ከየት ላይ እንደሆነ፣ ከዚያ ቢመለሱ የት ድረስ እንደሚያደርስ በእርሳስ አሰላው። የትም አያደርስም። እውነተኛነት ነው፣ አለ ለራሱ። አላመነውም፤ ቢሆንም አልሰረዘውም።

ቅዳሜ አምስቱም ተነሡ። ማጋሊ ከፊት፣ ዳርዶ ከቀኟ፣ ሌሎቹ ከኋላ። ካፒቴኑ ከትከሻዋ ኋላ ናቸው። ግማሽ መንገድ አልፈው፣ መርከቦቹ ሳይታዩ፣ ማጋሊ «ካፒቴን፣ ነዳጁ ቶሎ የጎደለ መሰለኝ» አለች።

«ቀጥዪ ልጄ። መርፌዋ አንዳንዴ ትዋሻለች። አምስት ደቂቃ።»

ዳርዶ ከእንጨቱ ውስጥ ሆኖ ሲያያቸው ፊታቸው አመድ መስሏል።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቢጫዋ መብራት በራች። «የቀኙ አይወርድም!» ብላ ጮኸች ማጋሊ።

«ተመለሺ። አሁኑኑ ተመለሺ። ከፍ በዪ፣ ቦምቡን ጣዪው፣ ጋዙን ቀንሺ። አይዞሽ። አለሁ፣ እዚሁ ነኝ፣ ሮሎ፣ አይዞህ…»

ሮሎ የሚባል ሰው እዚያ ጋራዥ ውስጥ አልነበረም። ማጋሊ በአንድ እጇ ጆይስቲኩን ይዛ በሌላው የሽማግሌውን እጅ ፈልጋ ጨበጠች። የባሕሩ ዳርቻ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው ሞተሩ ጠፋ። አውሮፕላኑ ረጅም ጊዜ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ማዳመጫዋን አውልቃ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እያለቀሰች ዝም አለች። ሕግ ነዋ!

መሪነቱ በተራ ወደ ዳርዶ መጣ። ሦስቱን ይዞ መርከቧን መታ፣ ሁሉንም መልሶ አመጣ። በጎን ነፋስ፣ በጭላጭ ነዳጅ፣ በሕይወቱ እንደዚያ አሳምሮ አርፎ አያውቅም። ጎማዎቹ መሬቱን ሲነኩ ቀና ብሎ አየ። ካፒቴኑ ጀርባቸውን ሰጥተውታል። የሞተችውን ልጅ ጥቁር ስክሪን እያዩ ነው።

በዚያች ቅጽበት እንኳ ቀናባት። እሱ በሕይወት ተመልሶ፣ እሷ ሞታ፣ አሁንም ሽማግሌው የእሷ ናቸው። በገዛ እጁ ገፍቶ የከተታት፣ እሱ ስድስት ዓመት በእንጨት ሲፈልገው የኖረው ቦታ፣ የካፒቴኑ እውነተኛ ጦርነት ውስጥ ነው።

ካፒቴኑ መናገር ጀመሩ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ሮሎ ከጎኔ የሚበር ቁጥር ሁለት ነበር። የቀኙ አይወርድም አለኝ። አምስት ደቂቃ ቀጥል አልኩት። መርፌዋ ትዋሻለች አልኩት። ስንመለስ እስከ መጨረሻው በሬዲዮ አወራኝ፤ ልጁ ስንት ጥርስ እንዳወጣ ነገረኝ። ዛሬም ያንኑ አልኩ። ያኔውኑ ተመለሺ ብላት ኖሮ… ሁለተኛዬ ነው። ሁለት ገደልኩ።»

«ኧረ ካፒቴን፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ ቱርኮ ቀስ ብሎ።

ዳርዶ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ዕጣ ነው ቢል ያበቃል። ከእንጨቱ ክፍል ወጣ።

«ብትመለስም አትደርስም ነበር» አለ።

ካፒቴኑ ዞሩ። «ምን አልክ?»

«መርፌዋ ባሳየችበት ሰከንድ ብትዞርም አትደርስም። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይጎድላት ነበር። አስልቼዋለሁ። አምስት ደቂቃው ምንም አላመጣም።»

«በምን አወቅክ?»

«ያደረግኩት እኔ ነኛ። መቶ በመቶ። እሷ ላይ ብቻ።»

ከየካቲት ጀምሮ ዶን ኤልቪዮ ካስታኞ ዳርዶን በደንብ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩና «ማጋ፣ ሁሉም አርፏል። አሁን መናገር ትችያለሽ» አሏት።

ማጋሊ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ትሰድበኛለች ብሎ ዳርዶ አንገቱን ደፋ። ስድቧን ያውቀዋል፣ ደግሞም ይገባዋል።

«ለመሪነቱ ብለህ ነው?» አለችው።

ዳርዶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ሰውዬ? እሳቸውን ላለማስቀየም ነው እንጂ እሺ ያልኩት፣ እኔ ከኋላ ሆኜ መብረር ነው ደስ የሚለኝ። ብትጠይቀኝ እኮ እለቅልህ ነበር።»

እውነቷን ነበር። ፊቷ ላይ ቂም እንኳ የለም። ዳርዶን ከሁሉ ይልቅ ያሳረረው ይኸው ነው፤ እሱ እንቅልፍ ያጣበትን፣ ሰው የበደለበትን ነገር እሷ አንድ ቀን እንኳ ፈልጋው አታውቅም።