ባዶ ላይ የጠበቀ ማሰሪያ

ደቦራ ገና ኮፈኑን ሳትከፍት ተናዳ ነበር። መኪናው የጋሽ አድማሱ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ። በውጭ አገር ከተማቸው፣ ኦግደን በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለ ሁለት በር ጋራዧን ከከፈተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ እሳቸው ግን እስከዛሬ ደጇን ረግጠው አያውቁም።

"አምላኩ ካንዴላውንም ኮይሉንም ቀይሮልኛል" አሉ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ። "ስነዳው ደህና ነው። ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ግን ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። አንቺ ኮምፒውተሩን ብቻ አይተሽ ንገሪኝ፤ የሚሠራው እሱ ነው።"

የምትመልሰው ነበራት፤ ዋጠችው። ጋሽ አምላኩ ሙያውን ያስተማሯት ሰው ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ መፍቻ ያስጨበጧት እሳቸው ነበሩ።

ሞተሩን አስነሳችው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ሚኒሞው፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ሊጠፋ ደርሶ ይመለሳል። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰካች። አየር ስለበዛበት ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያለ ልክ እየጨመረ ነው። ነዳጁን ረገጥ ስታደርገው ቁጥሩ ተስተካከለ፤ ስትለቀው እንደገና ወጣ። እንግዲያው ጥፋቱ የካንዴላም የኮይልም አይደለም። በሆነ ቀዳዳ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ያቺ ትርፍ አየር አትታወቅም፤ በሚኒሞ ጊዜ ግን ታንገላታዋለች።

ሞተሩን አጥፍታ በማሽን ጭስ ወደ አየር ማስገቢያው ነፋች። ትንሽ ቆይቶ ከሞተሩ ጀርባ ነጭ ጭስ ተትጎለጎለ። የእጅ ባትሪና መስታወት አስገብታ አየች። አውራ ጣት የሚያክል የጎማ ቱቦ ከሚሰካበት የብረት አፍ ጎን ተንጠልጥሏል። አልተቀደደም። ማሰሪያው ጥብቅ ብሎ ታስሯል፤ የታሰረው ግን ባዶ ላይ ነው። ቱቦው አፉ ላይ ጨርሶ አልገባም።

"ጋሽ አድማሱ፣ ይዩት። ይኼንን ትናንት የጀመረ ተማሪም አይሠራውም።"

"አምላኩ እንዲህ አያደርግም። አንቺ ስትነካኪው ወልቆስ ቢሆን?"

ደሟ ፈላ። ቱቦውን እንዳለ ትታ ለጋሽ አምላኩ ደወለችና "አሁኑኑ ይምጡ" አለቻቸው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጫማቸው በበረዶ ርሶ ገቡ። ከመኪናቸው ተለይተው የማያውቁት ሰውዬ በአውቶቡስ ነው የመጡት። ሰላምታም ሳይሰጡ "የምታሳዪኝ ካለ አሳዪኝ" አሉ።

የእጅ ባትሪውን ዘረጋችላቸው። እጃቸው ከጎኑ ያለውን አየር ጨበጠ። ዳብሰው ያዙት፤ ጎንበስ ብለው ያልሆነ ቦታ አበሩበት።

"የታለ?"

"እፊትዎ።"

እጃቸውን ወደ ታች ሰደዱ። ጣታቸው ቱቦውን ሲያገኝ ቀጥ አለ።

"ዓይንዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ደቦራ።

"ከመስከረም" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ስኳሩ ነው። መሃሉን ያጠቁርብኛል፤ ዳር ዳሩ ይታየኛል። መንዳት ከልክለውኛል። እጄ ግን ሥራውን ያውቀዋል።"

"እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ" አሉ ጋሽ አድማሱ፣ ትከሻቸውን ይዘው።

ደቦራም የምታዝን መስሏት ነበር። የመጣው ግን ከቀድሞው የባሰ ንዴት ነው።

"ሚኒሞ ሰው አይገድልም" አለች። "ከመስከረም ወዲህ የማንን ፍሬን ሠሩ?"

ጋሽ አምላኩ የእጅ ባትሪውን አጠፉ።

"ኧረ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ አድማሱ።

"የማንን ፍሬን ሠራህ?"

አንተ ስትላቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"የእሌኒን ቫን" አሉ ጋሽ አምላኩ። "ሐሙስ ዕለት።"

እሌኒ ራንድል ሰፈር፣ ቤቷ ውስጥ ልጆች የምትይዝ ሴት ናት፤ በቫኗ ትምህርት ቤት የምታመላልሳቸው እሷው ነች። ደቦራ ደወለችላት። "ቫኑን እንዳታንቀሳቅሺው። እየመጣሁ ነው።" ከዚያ ቱቦውን በሁለት ደቂቃ አፉ ላይ አስገብታ አሰረችው። ሞተሩ ሲነሳ ልስልስ ብሎ ዞረ፤ ደስ ያለው ሰው ግን አልነበረም። በዚያው መኪና ሦስቱም ወደ ራንድል ሄዱ።

ቫኑን ከቤቱ ፊት በክሪክ አንስታ የፊቱን ጎማዎች ፈታች። የቀኙ ፍሬን እንከን የለውም፤ ልክ እንደ ጋሽ አምላኩ የጥንት ሥራ ነው። በግራው ፍሬኑን ከያዙት ሁለት ብሎኖች አንዱ በጣት ዞረ። ሌላው ጠማማ ገብቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል።

እሌኒ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችው። "ዛሬ ጠዋት ስድስት ልጅ ይዤ ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ ነበርኩ" አለችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ጋሽ አምላኩ በረዶው ላይ ቆመዋል። "ልነግርሽ አስቤ ነበር" አሉ ለደቦራ። "ይኼን ከተውኩ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።"

"እሱን አሁን አልሰማዎትም። ሌላ የማንን ሠሩ?"

እያሰቡ ስም ጠሩ፤ ሰባት ሰው ሆነ። ስልካቸውን ተቀብላ ለመጀመሪያው ሰው ደወለችና መልሳ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

"ራስዎ ይንገሯቸው። ዓይኔ አያይም፣ መኪናውን አታንቀሳቅሱ ይበሏቸው።"

በመጀመሪያው ድምፃቸው ተቆራረጠ። አራተኛው ሰው የአምስት ዓመት ልጁን ስም እየጠራ ሰደባቸው፤ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያርቁ እስኪጨርስ ሰሙት። ሰባተኛውን ሲጨርሱ ጋሽ አድማሱ ክንዳቸውን ይዘው ወደ መኪናው ወሰዷቸው።

ደቦራ ደህና ዋሉ አላለቻቸውም። የግራውን ብሎኖች አስተካክላ የፊቱን ጎማዎች ገጠመች፤ ክሪኩን ወደ ኋላ ጎማ አዙራ፣ የቀረውን ፍሬን ልታይ መፍቻዋን አንስታ ተንበረከከች።