እመት ሐቢባ የድረ ገጽ ባለቤት የሆኑበት ቀን

ወረቀት ለሌለው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ፣ ጂዳ ያለ ብልህ አበሻ ሁሉ በሩን ቆልፎ ተቀመጠ። የእመት ሐቢባ የልጅ ልጆች ግን ሳይቸግራቸው ድረ ገጽ ከፈቱ።

በሽር ሹፌር ነው፤ እህቱ ሁዳ ክሊኒክ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። በጂዳና በመካ የታፈሰ ሰው መጨረሻ የት እንደታየ፣ ያየው ገጹ ላይ ይጽፋል፤ ቤተሰቡ ከፍቶ ያነባል። ማን አዘዛቸው? ማንም። ሰርቨር የሚሉት ሳጥን እንኳ የተቀመጠው ከአሮጊቷ ቁምሳጥን ሥር ነው።

አንድ ጧት ገጹን የከፈተ ሁሉ ቀይ ማስጠንቀቂያ ተቀበለው፦ «ይህ ቦታ አስተማማኝ አይደለም፤ ምስጢርዎ ሊሰረቅ ይችላል» ይላል።

«የደህንነት ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበት ነው» አለች ሁዳ። «ገጹ የእኛ መሆኑን የሚመሰክረው። በየዓመቱ ይታደሳል፤ ረሳሁት።»

«አገር ምድሩ ወረቀት በሚፈተሽበት ወር? ጎበዝ! ማስታወስሽ ይባረክ!» አሉ እመት ሐቢባ።

ወዲያው ከመካ፣ ከሚስፈላ ሰፈር ተደወለ። ከቢር ነው፤ ለገጹ ስም ከሚጽፉት አንዱ፣ ከቀን ሠራተኞች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የተደበቀ። «ገጹ ውስጥ የጀዋዛት ፖሊስ ገብቶበታል። እኛ አንነካውም፤ በስልክም ስም አንጠራም። ትናንት የተያዙትን ስም ከፈለግህ ራስህ መጥተህ ውሰድ» አለ። አይፈረድበትም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በሽር የመኪና ቁልፉን አነሣ። አያቱ በሩ ላይ ቆሙ።

«ወዴት?»

«መካ ደርሼ መጣሁ፣ እማማ።»

«ዑምራ አማረህ? የመኖሪያ ወረቀትህን፣ ኢቃማውን ያወጣልህ አሠሪ ከፊል ሌላ፣ የምትነዳው ለሌላ። ፍተሻው ላይ ጥርስህን ልታሳያቸው ነው? እንዲህ ያለውን ነው አውሮፕላን ላይ የሚጭኑት!»

«ስሙ ያልተጻፈ እኮ ጠፋ ማለት ነው። እናቱ የት ብላ ትፈልገው?»

አሮጊቷ ከበሩ አልተነሡም።

«አንድ ሰዓት ስጡኝ» አለች ሁዳ። «አዲሱን ሰርተፊኬት ገዝቻለሁ። ሻጮቹ ባለቤቱ ያረጋግጥ ብለው ወደ ስልኩ አንድ ቁጥር ይልካሉ፣ እሱን ሳስገባ ኸላስ።»

ከእመት ሐቢባ ጉያ ስልክ ጮኸ።

አሮጊቷ ስልኩን አዩ፤ ሁዳ ወለሉን አየች። «እማማ… ባለቤቱማ አንቱ ነዎት።»

«የምኑ?»

«የገጹ። በስማችን ማስመዝገብ ፈራን። አንቱን ደግሞ በዚህ ዕድሜ ማን ይነካዎታል ብለን…»

«ያ ረቢ! እኔ ከነገሩ ጦም እደሩ ስል፣ ለካ ነገሩ እኔው ነኝ!»

«ቁጥሩን ያንብቡልን እንጂ።»

ስልኩን ወደ ጉያቸው መለሱት። «የዚህ ገጽ ከፊል እኔ ነኝ አላላችሁም? የትኛው ከፊል ነው እንዲያው በነጻ ወረቀት የሚሰጥ? በሽር፣ ቁልፉን ወዲህ በል።»

«ይሄ ግፍ ነው!»

«ከፊልነት ሲሠራ ያየሁት እንዲህ ነው።»

በሽር እያጉረመረመ ሰጠ። መሠረተ ትምህርት ይባረክ፣ እመት ሐቢባ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡ። ሁዳ አዲሱን ሰርተፊኬት አስገባች። ቀዩ ማስጠንቀቂያ ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው፣ በከንቱ ነው የደከምነው» አለ በሽር፤ ዓይኑ ቁልፉ ላይ ነው።

«ሰርቨሩ አሮጌውን እንደያዘ ነው። ጠፍቶ ይነሣ።» ሁዳ ሳጥኑን አጥፍታ አስነሣችው። ከቁምሳጥኑ ሥር አጓራ፤ ጥቂት ቆይቶ ገጹ ያለ ቀይ ተከፈተ።

በሽር ደወለ። «ተጠግኗል ከቢር፣ ክፈቱት።»

«ጀዋዛትም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚለው። ባለቤቱ ማነው?»

በሽር የአያቱን ስም በዚህ ሰሞን በስልክ እንዴት ይጥራ? ከቢር ካላመነ ደግሞ መሄዱ ነው። እጁን ለቁልፉ ዘረጋ።

እመት ሐቢባ ቁልፉን ትተው ስልኩን ነጠቁት።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ። ሐቢባ፣ የሐይቅ ልጅ፣ የበሽር አያት። ጀዋዛት አሮጊት መቅጠር ጀምሮ እንደሆነ እንጃ!»

ከወዲያ ሳቅ ፈነዳ። «አሰላሙ ዓለይኩም እማማ! እሺ፣ እንጽፋለን።»

«ጻፉ! የአባቱንም፣ የአገሩንም ስም እንዳታስቀሩ። ደግሞ ድምፃችሁን ቀንሱ ልጆቼ፤ ሳቃችሁ መንገድ ድረስ ይሰማል።»