አክስቴ በይኝ

"ማን በይኝ ነው ያልኩሽ?"

"አክስቴ።"

"ጎበዝ የኔ እናት" አለችና ልጇን በሆቴሉ የጓሮ በር አስገብታ ከቆሸሹት አንሶላዎች ክምር ጀርባ ደበቀቻት።

ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነው። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሰዎች "ተኳሿ" ይሏታል፤ በሕይወቷ ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። ስትቀጠር "ልጅ አለሽ?" ተብላ ተጠይቃ ነበር። ዓይኗን በጨው አጥባ "የለኝም" አለች። ምን ታድርግ? ከእሷ በፊት የነበረችው ተኳሽ የተባረረችው ልጇ በታመመ ቁጥር ከሥራ እየቀረች ነው።

ለልጅቷ መዋያ ያልጠየቀችበት ደጅ የለም። የሰፈሩ የግል ማቆያ ደሞዟን ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ርካሹ የመንግሥት ማቆያ ደግሞ በሩን የሚከፍተው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው፤ እሷ ሥራ የምትገባው ገና ሳይነጋ።

"ታዲያ ለማን ነው የሠሩት?" ብላ የማቆያውን ዘበኛ ብትጠይቀው ሳቀባት።

"ለቢሮ ሠራተኛ ነዋ!"

እስካለፈው ሳምንት ጎረቤቷ ትይዝላት ነበር። አሁን ጎረቤቷም ወገቧን ይዟት አልጋ ላይ ዋለች።

ረፋዱ ላይ ለሠርግ እንግዶች የሚነጠፍ የጠረጴዛ ልብስ ተቆልሎ መጣ። ተኳሿ ለመቀበል ዞር እንዳለች ልጅቷ ከተደበቀችበት ወጥታ የጋለውን ካውያ በመዳፏ ነካችው።

"አክስቴ! አክስቴ!"

ጩኸቱ አንጀቷን በጠሰው። ዛሬ እንኳ ተሳስታ እማዬ ምነው ባለችኝ፣ አለች በሆዷ። ትንሿን እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራ ሳለ አለቃዋ ደረሱ።

"የማን ልጅ ናት?"

"የእህቴ… የእህቴ ልጅ ናት እትዬ። ዛሬን ብቻ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።"

አለቃዋ ክፉ ሴት አይደሉም። የልጅቷን መዳፍ አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ቆዳዋ ተላጧል እኮ! ሐኪም ይየው። በይ ቶሎ ደውዪላትና እናቷ መጥታ ትውሰዳት። አንቺ ግን ንቅንቅ እንዳትዪ፤ ሠርገኛው ሊደርስ ነው።"

"እሺ" ብላ ስልኳን አወጣች። ለማን ትደውል? እህት የላትም። ይህን ሥራ ካጣች ከነልጇ ሜዳ ላይ ወደቀች ማለት ነው፤ አከራይዋ እንደሆነ ሰበብ ሲፈልግ የሚውል ሰው ነው። ጨነቃት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ለማንም ሳትደውል "ሄሎ" አለች።

ልጅቷ እንባዋን እየዋጠች ቀሚሷን ጎተተች። የተነገራትን አልረሳችም።

"አክስቴ፣ እማዬን ጥሪልኝ። በጣም አሟታል በያት።"

ይህን ያስተማረቻት ራሷ ተኳሿ ናት።

"ምን አለች? ትመጣለች?" አሉ አለቃዋ።

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። የካውያውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችና ልጅቷን አነሣቻት።

"መጥታለች እትዬ" አለች።