አራት የስፌት መኪና

ጥልፍ ሠሪዋ መኪናዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ ትጎትታለች። ልብስ ሰፊዋ በሌላው ጫፍ ይዛ አልለቅም ብላለች።

«ልቀቂ እቴ። ለጠዋት ብቻ ብለሽኝ ይኸው ስምንት ሰዓት ሆነ። ደንበኛዬ ደጅ ቆማለች።»

«ግማሽ ሰዓት ስጪኝ።»

«ግማሽ ሰዓት እኮ ሦስቴ ሰጥቼሻለሁ።»

እውነቷን ነው። ገምጋሚው ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎ ነበር። የመንግሥት ጨረታ ውስጥ ለመግባት በአቅራቢነት መመዝገብ ግድ ነው፤ ለመመዝገብ ደግሞ አራት የስፌት መኪናና ቢያንስ አንድ ቅጥር ሠራተኛ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊዋ ያላት ሁለት መኪና ነው። ሠራተኛ የላትም። ምዝገባው ዛሬ ይዘጋል፤ ዛሬ ያመለጠው ለከርሞ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሰፍታለች፣ ጨረታውን ላሸነፈ ነጋዴ። ሰውየው ክር በመርፌ የት በኩል እንደሚገባ አያውቅም፤ ወረቀት ግን አለው።

በዚህ ሰፈር ገምጋሚ ሲመጣ መኪና መዋዋስ የተለመደ ነው። ባለፈው ወር የእሷ ሁለት መኪኖች ጥልፍ ሠሪዋ ቤት ውለዋል። ይህን ልታነሳ አሰበችና ተወችው። ጥልፍ ሠሪዋም ሳይነገራት ሳይገባት አልቀረም፣ መኪናውን ለቃ ደንበኛዋን ለነገ ልትቀጥር ወጣች።

አራተኛው መኪና ኮት የሚሰፉ የአንድ ሽማግሌ ነው። ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አንዲት የቁልፍ ቀዳዳ አሥር ጊዜ ያስፈቷት ነበር። ሽማግሌው ግን መኪናቸውን ሊወስዱ አልመጡም። ሰባት ሰዓት ላይ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ገቡ፤ ነገ የሚወሰድ ኮት አለብኝ አሉና መኪናቸው ላይ ተቀምጠው መስፋት ያዙ።

ገምጋሚው ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረሰ። ልጅ እግር ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል። የዛሬ አሥራ አንደኛ ቤቱ መሆኑን ተናግሮ መኪኖቹን ቆጠረ። ቀጥሎ ወለሉን አየ። ከበሩ እስከ ሁለቱ መኪኖች ድረስ የብረት እግር የጫረው አዲስ መስመር አለ። ቀና ብሎ ሴትዮዋን አያት። ፊቷ ጋለ።

«እኚህ አባትስ?» አለ።

መልስ ስትፈልግ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመርፌው ሳይነቅሉ ቀደሟት።

«ቅጥር ነኝ።»

«የእሳቸው?» አለ፣ ወደ ሴትዮዋ እየጠቆመ።

«የእሷ። ክፉ አሠሪ አይደለችም። ጩኸት ታበዛለች እንጂ።»

ገምጋሚው ፈገግ ብሎ ጻፈ። ደመወዛቸውን ጠየቀ። ሽማግሌው አነስ ያለ ቁጥር ሳያመነቱ ተናገሩ፤ አስቀድሞ ያሰበበት ሰው እንደሚናገረው። ሴትዮዋ የምታይበት ጠፋት። ገምጋሚው ፈርሞ ቅጂውን ሰጣት፤ በሩ ላይ ሲደርስም ዞር አለ።

«ሌላ ጊዜ ተሸክማችሁ አስገቡ፤ አትጎትቱ» አለና ሄደ።

ጥልፍ ሠሪዋ መኪናዋን ልትወስድ መጣች። የመንግሥት አቅራቢ ከሆንሽ ከነገ ጀምሮ እንደማታውቂኝ አውቃለሁ አለቻት። ተሳሳቁ፤ ሁለቱም ግን ደክሟቸው ነበር።

ሽማግሌው አሁንም ይሰፋሉ።

«ጋሼ፣ ይበሉ መኪናውን ላድርስልዎ። ሰው ኮቱን ይጠብቃል።»

ቀረብ ብላ አየች። ኮቱ የራሳቸው ነው። ምንም ያልሆነውን የእጅጌ ስፌት ፈትተው መልሰው ሲሰፉ ነው የዋሉት።

«ነገ ሥራ የሚገባው ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

የቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ኮቱን ቀስ ብለው አጠፉት።

ሴትዮዋ የያዘችውን ወረቀት አየች። ወረቀቱ ያስመዘግባል እንጂ ጨረታ አያሸንፍም። የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ከየት እንደምታመጣ አታውቅም። አሁንም ብትስቅ፣ ነገሩን በቀልድ ብትሸኘው፣ እሳቸውም አብረው ስቀው እንደሚወጡና ሁለተኛ እንደማያነሱት ግን ታውቃለች።

«ሁለት ሰዓት ነው፣ ጋሼ» አለች።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስገባች። መስኮቱ ሥር ያለውን የራሷን መኪና ብድግ አድርጋ ወደ ጨለማው ጥግ ወሰደችው፤ ከዚያ የሽማግሌውን መኪና ብርሃኑ ላይ ለማቆም ተመለሰች።