ሰኞ ዕለት የደወለችው

«እርስዎ አይችሉትም ብለን እኮ ነው» አለችኝ ፈይዛ፣ ዓይኗን ከያዘችው የንፍሮ ሰሃን ሳታነሳ።

አልችለውም! እኔ ዳመነች! ዲላ ውስጥ ስንቱን ሬሳ አልቅሼ ሸኝቻለሁ፣ የስንቱን በር አንኳኩቼ መርዶ ተናግሬያለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። ሙሾ ግን አንዴ ከአፌ ከወጣ የተማረውም ያልተማረውም ይዞት ነው ቤቱ የሚገባው። ለገዛ ልጄ ለፀዳለ ሲሆን ግን አትችልም ተባልኩ። እዚያው በምትኖርበት ወርቃ ቀብረዋት ከመጡ በኋላ ነው፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ተሰብስበው መጥተው የነገሩኝ። የልጄ አፈር ሲመለስ አላየሁም።

«ደም ብዛት አለብዎት እማማ» አለች ደግማ።

«ደም ብዛቴን ለኪ ማን አደረገሽ? ሄደሽ ሱቅሽ ውስጥ ስኳር ለኪ!»

አንዷ ለቅሶ ደራሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ፈይዛ ንፍሮውን ማደል ቀጠለች። ሠላሳ ዓመት አንድ አጥር ስንጋራ አመሏን አውቃለሁ፤ እኔ ስናደድ እሷ ዝም ትላለች፣ ያ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ይዘዋል። ከበሩ ጥግ የፀዳለ ልጅ ሮሆቦት ተቀምጣለች። ከወርቃ ከመጣች ሦስት ቀኗ ነው፤ አፏን አልከፈተችም። «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ ቃል አይወጣትም። ሐዘን ነው ብዬ ተውኳት።

«እስቲ ዳመነች» አለች ከቡሌ የወረደች አንዲት አሮጊት፣ «ያንን ሞትን የምትሰድቢበትን አንዴ በይልን፤ ሆዳችን ይውጣለት።»

የሌላው አልቃሽ ሞት አንበሳ ነው፣ ወንበዴ ነው። የእኔው ሞት ቀጣፊ ነው። በር አይሰብርም። ደጅ ቆሞ በምታውቀው ሰው ድምፅ ይጠራሃል፣ ራስህ ትከፍትለታለህ።

ሞት ቀጣፊው መጣ የልጅን ድምፅ ሰርቆ፣
«አለሁ» ብሎ ገባ፣ ወጣ ቤት አድርቆ።

ይህንን ስል ደረቱን የማይመታ የለም። ዛሬ ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። አልቅሼላት ቢሆን ይወጣልኝ ነበር። ግን አላለቅስልሽም ብያት ነበር።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ፀዳለ ጴንጤ ከሆነች ቆይታለች። ባሏ ሲሞት፣ «እማዬ፣ በመዝሙር ነው የምንሸኘው፣ እባክሽ ሙሾ አታውርጂ» ብላ ለምናኝ ነበር። አወረድኩ። ያ ሁሉ ሰው ዳመነችን ሊሰማ ነው የመጣው ብዬ! በሰልስቱ እዚህ ግቢ መጥታ ቆመች።

«የሞትን ስም በየቤቱ እያዞርሽ ስትጠሪው እኛን ለመደን» አለችኝ።

«እሰድበዋለሁ እንጂ መቼ ጠራሁት?»

«ለእሱ አንድ ነው።»

ደሜ ፈላ። «እንግዲያውስ ስትሞቺ አላለቅስልሽም! ዝም ብዬ ነው የምቀብርሽ!» አልኳት።  ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መናኸሪያ ወረደች። ከዚያ ወዲህ እሷም አልመጣች፣ እኔም አልሄድኩ። እኔ ልቅደም የሚል ጠፋ።

ሰኞ ዕለት ፈይዛ ስልኳን ይዛ ገባች። «ፀዳለ ናት፤ ትንሽ አሟታል» አለችኝ።

«እማዬ» አለችኝ ልጄ። ድምፅዋ ደከም ብሏል። «አታስቢ፣ ሻል ብሎኛል። አለሁ።»

እኔ ሰው ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም፤ አባቷንም ቢሆን። ያን ቀን ግን እያለቀስኩ፣ «ያንን ቃሌን አንስቼዋለሁ። አፌ ነው፣ ታውቂው የለ። ይቅር በይኝ» አልኳት። ከወዲያ ለቅሶ ሰማሁ። ፀዳለ ፊቴ አልቅሳ አታውቅም ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ደስ አለኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ እማዬ» አለችኝ። ቅዳሜ ልሄድ ቅቤ አነጠርኩላት። ቅቤው አሁንም መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

እሷው ይቅር ብላኝ ነው የሞተችው፤ በዚህ ነበር የቆምኩት።

«ዝናቡ ነው እንጂ» አለች ከወርቃ የመጣች፣ ከፀዳለ ጋር ቡና ስትለቅም የኖረች ሴት፣ «ሰኞ ጠዋት የቀብሩ ሰው ከዚህ ይበዛ ነበር።»

«ሰኞ?» አልኩ።

ሴትየዋ ፈይዛን አየች። ፈይዛ ሰሃኑን መሬት አስቀመጠች።

«ፈይዛ፣ ሰኞ ከሰዓት ያናገርኳት ማን ናት?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?» አለች ቀስ ብላ። «ወንድሜን ኸሊልን መኪና የገደለው ጊዜ፣ እናቴ ሶፍያ ቡሌ ሆና፣ ‹የወንድሙ የኸድሩ ድምፅ ከሟቹ አይለይም፤ ደውሎ መንገድ ላይ ነኝ ይበላት፣ ቤቷ እስክትገባ ልቧ አይሰበር› ያሉት ማን ናቸው?»

እኔ ነኝ። መላ አዋቂ ተብዬ የተመሰገንኩበት ነው። ሶፍያ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ከኸድሩ ጋር በስልክ አውርታ አታውቅም፤ ሲደውል ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች። ምን ሆና ነው እል ነበር።

ተነሳሁ። ሮሆቦትን በክንዷ ይዤ ጓዳ አስገባኋት፣ በሩን ዘጋሁ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች።  ያው ነው፤ ያው የፀዳለ ድምፅ። ሦስት ቀን አፏን የዘጋችው ለካ ለዚህ ነው።

«እናትሽ ስለ እኔ ምን አለች? እንዳትዋሺኝ።»

«ምንም አላለችም፣ እማማ። ከዓርብ ጀምሮ ራሷን አታውቅም ነበር።»

«ከዓርብ በፊትስ?»

ወለሉን ወለሉን ታያለች። «ልደውልላት ወይ ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።»

«ይቅር ብዬሻለሁ ያልሽኝስ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። እያለቀስሽ ስትለምኚ ምን ልበልሽ?»

እጄ ተነስቶ ነበር። በጥፊ ልላት። እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«ዳመነች! ኧረ አንዴ በይልን!» ትላለች የቡሌዋ አሮጊት ከውጭ።

ጀርባዬን ለልጅቷ ሰጥቼ ቅቤው ካለበት መደርደሪያ ሥር ተቀመጥኩ። ፊቷን ካየሁ ሮሆቦት ናት። ነጠላዬን እስከ አገጬ ሸፈንኩ።

«ጥሪኝ» አልኳት።

«እማማ...»

«እማማ አትበይኝ። እንደ ሰኞው ነው ያልኩሽ።»

«ተይ፣ ኃጢአት ነው። እሷ አይደለሁም እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔን ነው የምታስተምሪኝ? ጥሪኝ!»

ስታለቅስ ይሰማኛል። ባዶ መዳፌን አንስቼ፣ ስልክ እንደያዘ ሰው፣ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

«አለሁ በይኝ።»